ዋናው መንገድ ሊዘጋ ነው፤ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ወደ ሥራ የምሄድበት ድልድይ ከሰኞ ጀምሮ ለጥገና ሊዘጋ ነው፤ ለወራት ይቆያል ተብሏል። ጠዋት ልጄን ትምህርት ቤት አድርሼ ነው በመኪና ቢሮ የምገባው። ትምህርት ቤቱ ከድልድዩ ወዲህ፣ ቢሮዬ ወዲያ ማዶ ነው። ተለዋጭ የተባለው መንገድ ደግሞ አሁንም ጭንቅንቅ ያለ ነው። እስቲ ምከሩኝ።

ሹፌሩ፦ እህቴ፣ የመጀመሪያውን ሳምንት እንደምንም ቻይው። ሁሉም መንገድ የሚሞክረው ያኔ ነው። ስልክሽ የሚያሳይሽን ውስጥ ለውስጥ ሁሉ ደግሞ አትመኚ፤ ላንቺ ያሳየውን ለሌላውም ያሳየዋል። አንድ የጭነት መኪና ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከተሰነቀረ አለቀ። ከኋላ የተሰለፈው መመለሻ የለውም፤ ክላክስ ብቻ ነው። ሰፊው መንገድ ቢንቀራፈፍም ይሄዳል።

ማለዳ፦ በጊዜ ውጪ፣ በቃ! ግማሽ ሰዓት መቅደም ብዙ ለውጥ አለው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ማለዳ፣ ልጅ ያለው ሰው እንዴት ይቅደም? የትምህርት ቤቱ በር በሰዓቱ ነው የሚከፈተው። ይልቅ ድልድዩ ለእግረኛም ይዘጋል ወይ? እሱን አጣሪ። ካልተዘጋ መኪናሽን ወዲህ አቁመሽ በእግር ተሻገሪና ከማዶ አውቶቡስ ያዢ። አለቃሽንም ከአሁኑ አናግሪ። ካረፈድሽ በኋላ የሚነገር ምክንያት ሰበብ ነው የሚመስለው።

ጠያቂዋ፦ ለእግረኛ ክፍት ነው ብለዋል! ተለዋጩን መንገድ ግን እሁድ ልሞክረው?

ሹፌሩ፦ መታጠፊያዎቹን ለማወቅ ይጠቅምሻል። ሰዓቱን ግን እሁድ አይነግርሽም።

መንገደኛ፦ ወሬውንም ብዙ አትፍሪ። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2011 ሎስ አንጀለስ ውስጥ 405 የሚባለው አውራ ጎዳና ለቅዳሜና እሁድ ሲዘጋ ከተማው ሊቆም ነው ተብሎ ነበር። ሰው ማስጠንቀቂያውን ሰምቶ ቤቱ ዋለ፤ መንገዱ ጭር አለ። የወራት መዘጋት እንደዚያ እንደማይቀል አውቃለሁ። ግን ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2014 የምድር ባቡር ሠራተኞች አድማ ሲመቱ፣ ከመደበኛ ተጓዦቹ 5 በመቶ ያህሉ አድማው ካበቃ በኋላም በአዲሱ መንገዳቸው ቀጥለዋል። የድሮውን ይዘው የቆዩት የተሻለ ስለመሰላቸው እንጂ የተሻለ ስለነበረ አልነበረም ማለት ነው።

ጠያቂዋ፦ እግሬን ልሞክር እንግዲህ። መኪና ማቆሚያ ግን ወዲህ በኩል የት ይገኝ ይሆን?

የሁለት ልጆች እናት፦ የትምህርት ቤቱን ጥበቃ ጠይቂ። ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም።