የኦልደም ሁለት ሞክሼዎች፦ የአማቼ ዘር ከየትኛው ነው?

ምራቲቱ፦
ሰላም ናችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የባለቤቴ አባት እንግሊዛዊ ናቸው፤ ሰማንያን ተሻግረዋል። ዘራቸው ላንክሻየር ነው፣ ኦልደም የምትባለው የጥጥ ከተማ። መሬት የላቸው፣ ኑዛዜ የላቸው፣ ስማቸው ጋዜጣ ላይ አልወጣ። ሁሉም የፋብሪካ ሰው። አማቼ "አያቴ በአሥር ዓመቱ ፋብሪካ ገባ፤ ከሱ በፊት ያለውን ማንም አያውቅም" ብለው ዘግተውት ነበር። እኔ ደግሞ "ማንም አያውቅም" ሲሉኝ እልህ ይይዘኛል።

ከ1921ዱ የሕዝብ ቆጠራ ተነስቼ በየአሥር ዓመቱ ወደ ኋላ ሄድኩ። የ1911ዱ ላይ ቆየት አልኩ። ቅጹን የሞላው አባወራው ራሱ ነው፣ የአማቼ አያት። ስንት ልጅ በሕይወት ተወለደ፣ ስንቱ አለ፣ ስንቱ ሞተ የሚል ጥያቄ አለው። ዘጠኝ፣ አምስት፣ አራት ብሎ ጽፏል። አማቼ ስለ አራቱ ሰምተው አያውቁም።

አሁን የቆምኩት የአያታቸው አያት ላይ ነው። ጥጥ ፈታይ ነበር። በ1841 ዕድሜው 20 ይላል። በ1851 34፣ በ1861 ደግሞ 43። የትውልድ ቦታው ኦልደም። የክርስትና መዝገብ ላይ ግን ሁለት ሞክሼዎች አሉ፤ የቤተሰብ ስማቸው ሳይቀር አንድ። አንዱ ማርች 1816 የተጠመቀ፣ አባቱ ሸማኔ። ሌላው ፌብሩዋሪ 1818፣ አባቱ ባርኔጣ ሠሪ። የባለቤቴ የአክስት ልጅ ኢንተርኔት ላይ ባወጣችው የዘር ሐረግ የ1816ቱን አስገብታለች። ለምን ስላት "ሸማኔ ለጥጥ ይቀርባላ!" አለችኝ። ሌሎችም ከሷ ገልብጠዋል።

በምንድን ነው የሚለየው? ብዙ ገንዘብ ማፍሰስም አልፈልግም።

የሳልፎርዱ፦
ምራቲቱ እህቴ፣ እኔ በበጎ ፈቃድ የደብር መዝገብ ስገለብጥ ቆይቻለሁ፣ እንዲህ ያለ ነገር ይጥመኛል።

ከ1841 እንጀምር። በዚያ ቆጠራ ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ሰው ዕድሜው ወደ ታች፣ ወደ አምስት ብዜት ዝቅ ተደርጎ እንዲጻፍ ነበር የታዘዘው። ስለዚህ 20 ማለት ከ20 እስከ 24 ነው። ቆጠራው የተደረገው ጁን 6 ነው። የ1816ቱ በዚያ ቀን 25 ሞልቶታል፤ 25 መባል ነበረበት። የ1818ቱ 23 ነው፤ ስለዚህ 20 ይባላል። የ1861ዱ ቆጠራ ኤፕሪል 7 ላይ ነው፤ የ1818ቱ ያን ጊዜ 43 ዓመቱ ነው። የ1851ዱ 34 መሀል ላይ ቁጭ ብሏል፣ ለማንም አይረዳም። ነገሩ ወደ ባርኔጣ ሠሪው ልጅ ያደላል።

ግን በዚህ ብቻ አትቁረጪ። ቆጣሪዎቹ መመሪያውን ሁሌ አልጠበቁም፤ ሰዉም ዕድሜውን በግምት ነው የሚናገረው። ደግሞ የተጠመቀበት ቀን የተወለደበት ቀን አይደለም። ልጅ ሦስት አራት ዓመት ሞልቶት፣ አንዳንዴም ከታናናሾቹ ጋር በአንድ ቀን ክርስትና ይነሳል።

የሚቆርጠው የጋብቻ መዝገቡ ነው። ከጁላይ 1 ቀን 1837 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ የጋብቻ መዝገብ የሁለቱንም ወገን አባት ስምና ሥራ ይይዛል። ሸማኔ ይላል ወይም ባርኔጣ ሠሪ ይላል። መዝገቡን ለማግኘት ግን የሚስቱ ስም ያስፈልግሻል፤ ከማግባቷ በፊት የቤተሰብ ስሟ ማን ነበር? ካላወቅሽ የጄኔራል ሬጅስተር ኦፊስ (የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ ማዕከሉ) ድረ ገጽ ገብተሽ የልጆቹን ልደት ፈልጊ። ፍለጋው ነፃ ነው፤ አካውንት መክፈት ብቻ ነው። እዚያ ያለው ማውጫ የእናትየውን የቀድሞ የቤተሰብ ስም ከ1837 ጀምሮ ያሳያል። ፍሪቢኤምዲ በሚባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ያለው የድሮው ማውጫ ግን ይህን የሚሰጠው ከ1911 የሴፕቴምበር ሩብ ዓመት (ከጁላይ እስከ ሴፕቴምበር) ወዲህ ነው። ለጋብቻ ሲሆን ግን ወደ ፍሪቢኤምዲ ትመለሻለሽ።

ሰርተፊኬት ለመግዛት አትቸኩዪ። ቤተ ክርስቲያን ከተጋቡ፣ ሙሽሮቹ በእጃቸው የፈረሙበት መዝገብ ደብሩ ጋ ነው የቀረው። ወደ ማዕከል የተላከው ግልባጩ ነው። የብዙዎቹ ደብሮች መዝገብ ፎቶ ተነስቶ አንሴስትሪ ወይም ፋይንድማይፓስት በሚባሉት የዘር ፍለጋ ድረ ገጾች ላይ አለ፤ ብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ እነዚህን በነፃ ትከፍቺያለሽ። ኦልደም ካጣሻቸው ማንቸስተር ሂጂ። ዛሬ ካቴድራል በሆነው ቤተ ክርስቲያን ሠራተኛው ከየአካባቢው እየመጣ በአንድ ቀን በጅምላ ይጋባ ነበር።

የአክስት ልጅየዋን በተመለከተ፣ ሸማኔ ለጥጥ ይቀርባል የሚለው አያስኬድም። ኦልደም ጥጥ ሳይውጣት በፊት በባርኔጣ ሥራ የታወቀች ነበረች። የሁለቱም ሙያ ልጆች መጨረሻቸው ፋብሪካ ሆነ።

እማሆይ ሰነድ፦
የሳልፎርዱ ያለው ጥሩ ነው። እኔ የምጨምረው፣ የማትፈልጊውንም ልጅ ተከተዪው። ከ1813 ጀምሮ የቀብር መዝገብ በታተመ ቅጽ ላይ ዕድሜና መኖሪያ ይጽፋል። የሸማኔው ልጅ በሕፃንነቱ ሞቶ ከሆነ ተገላገልሽ። ካልሞተ በ1851 የሆነ ቤት ውስጥ ተቆጥሯል። ሌላ ሚስት፣ ሌላ ልጆች ይዞ ካገኘሽው የናንተ ሰው አይደለም። ለነገሩ ዘመዳሞች ሳይሆኑ አይቀሩም፤ ወንድማማቾች ልጆቻቸውን በአንድ አያት ስም ሲጠሩ ብዙ አይቻለሁ።

ሌላው የድሆች ሕግ ወረቀት ነው። "ድሃ ሰው መዝገብ የለውም" የሚሉ ያናድዱኛል። ባለርስቱ በኑዛዜው ይታወቃል፤ ድሃው እጁን ሲዘረጋ ይጻፋል። ከ1662ቱ ሕግ ወዲህ አንድ ደብር የሚረዳው የኔ ነው ያለውን ሰው ብቻ ነበር። ስለዚህ የተቸገረ ሰው፣ አንዳንዴም ነገ ይቸገራል ተብሎ የተፈራ ሰው፣ ዳኞች ፊት ቀርቦ ይመረመራል። የት ተወለድክ? ማን ጋ ሙያ ተማርክ? ሚስት ሳታገባ ዓመት ሙሉ የተቀጠርከው የት ነው? በዓመት 10 ፓውንድ የሚያወጣ ቤት ተከራይተህ ታውቃለህ? መልሱ ተጽፎ ይቀመጣል። የአንድ ሰው ዕድሜ ሙሉ በአንድ ገጽ ታገኚዋለሽ፤ ከታች መፈረም ካልቻለ የመስቀል ምልክት። ጥያቄው የሚያዋርድ ነበር፣ ለኛ ግን ወርቅ ነው። በየቦታው አልተረፈም። ፕሬስተን ያለው የላንክሻየር ቤተ መዛግብት ካታሎግ ላይ የሁለቱንም አባቶች ስም ሞክሪ።

ገብሬ ዘ ሊድስ፦
ይቅርታ፣ ላቋርጣችሁ። የኔ ሰዎች በ1921 አሉ፣ ከዚያ ጠፉ። 1931ን የት ነው የማገኘው?

የሳልፎርዱ፦
ወንድሜ፣ አታገኘውም። የእንግሊዝና የዌልስ የ1931ዱ ቆጠራ ሄይዝ በሚባል ቦታ ተከማችቶ ሳለ ዲሴምበር 1942 በእሳት ወድሟል። በ1941 በጦርነቱ ምክንያት አልተቆጠረም። ወደ 1939ኙ መዝገብ ዝለል፤ ሴፕቴምበር 29 ላይ የተመዘገበ ነው፣ የልደት ቀን ሳይቀር አለው። በሕይወት ሊኖሩ ይችላሉ የተባሉ ሰዎች መስመር ተሸፍኗል፣ እሱ አያስደንግጥህ።

ምራቲቱ፦
ተመለስኩ። የእናትየውን ስም ከልጆቹ ልደት አገኘሁ። ጋብቻውም እንዳላችሁት ማንቸስተር ነው፣ ኦክቶበር 1838። የሙሽራው አባት ባርኔጣ ሠሪ! ስሙም ከክርስትናው መዝገብ ጋር አንድ ነው። ሙሽራው ፈርሟል፣ እሷ መስቀል አድርጋለች። የሸማኔውን ልጅ ደግሞ በ1851 ሞስሊ ውስጥ አገኘሁት፤ ሚስትም ልጆችም አሉት፣ የትውልድ ቦታው ኦልደም ይላል። አማቼ "ባርኔጣ? የኛ ቤት?" ብለው ሳቁብኝ።

አንድ ነገር ግን አልተዋጠልኝም። መዝገቡ ዕድሜውን በቁጥር አልጻፈም፤ አዋቂ ነው ብቻ ይላል። ያ 21 የሞላው ማለት ነው አይደል? የ1818ቱ ከሆነ ገና 20 ነው።

የሳልፎርዱ፦
አዎ፣ 21ና ከዚያ በላይ ማለት ነው። ግን ማን ጠየቀው? ቄሱ የልደት ወረቀት አያይም፤ ምዝገባው ራሱ ከተጀመረ ገና አንድ ዓመቱ ነበር። ከ21 በታች ያለ ሰው ወላጅ ፈቃድ ይነሳው ይሆናል፤ ስለዚህ አንድ ዓመት ጨምሮ መናገር የተለመደ ነው። ከኦልደም ርቆ ማንቸስተር ሄዶ ማግባቱም ለዚህ ሊሆን ይችላል። ወይም ዘግይቶ ተጠምቆ ይሆናል፤ ያኔ የ1851ዱ 34ም ይስተካከልልሻል። በአባትየው ስምና ሥራ ላይ የሞስሊው ሰውዬ ሲጨመር ለኔ በቂ ነው።

እማሆይ ሰነድ፦
ለኔም። የምስክሮቹን ስም ግን አላየሽልንም። ከሁለቱ አንዱ የባርኔጣ ሠሪው ሌላ ልጅ ከሆነ የአክስት ልጅየዋ የምትከራከርበት አይኖራትም። መልእክት ብቻ ብትልኪላት አትቀይርም፤ የገጹን ፎቶ ላኪላት።