ድሃ አገር የሚያስፈልጋት ጠንካራ ገዢ ነው ወይስ ዴሞክራሲ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከሥራ ባልደረባዬ ጋር ስንከራከር ሰነበትን። «የተራበ ሰው የምርጫ ካርድ አይበላም፤ መጀመሪያ አገር ትደግ፣ ዴሞክራሲው ይደርሳል» ይላል። በጠንካራ ገዢ አደጉ ብሎ የሊ ኳን ዩን ሲንጋፖርና የፓርክ ቹንግ ሂን ደቡብ ኮሪያ ይጠቅሳል። ልቤ አልተቀበለውም፤ ሁለቱም አገሮች በእርግጥ በልጽገዋልና አፌ ግን ተያዘ። ምን ልበለው?

አንደኛ መልስ፦
የጠቀሳቸው እውነት ናቸው፤ የዘለላቸው ግን ይበዛሉ። ሞቡቱ ዛየርን፣ የዛሬዋን ዴሞክራቲክ ኮንጎን፣ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1997 ገዛ። መዳብ፣ ኮባልትና አልማዝ በሞላበት አገር መንገዱ በጫካ ሲዋጥ፣ እርሱ በግባዶሊቴ ከተማ ኮንኮርድ የተባለውን ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን የሚያሳርፍ ማረፊያ አሠራ። ሊ ኳን ዩን ተመኝቶ ሞቡቱ የደረሰው ሕዝብ በምን ያወርደዋል? ባልደረባህን ይህን ጠይቀው። ቦትስዋናንም አንሳበት። በ1966 ነጻ ስትወጣ ከዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች። አልማዙ የተገኘው በዓመቱ ነው፤ ምርጫዋን ግን አላቋረጠችም። ከነጻነት ጀምሮ የገዛው ፓርቲ በ2024 ተሸነፈና ሥልጣኑን በሰላም አስረከበ።

ሁለተኛ መልስ፦
ልጄ፣ እኔ ከሥራዬ ልንገርህ። ሹመት ከላይ ብቻ በሚመጣበት ዘመን የአዝመራ ሪፖርት አጠናቃሪ ነበርኩ። አንድ ዓመት ዝናቡ ቀድሞ ተቋረጠ። ከገጠር የደረሰን ወረቀት በእርሳስ የተጻፈ ነበር፤ ቁጥሩ ትንሽ፣ ከጎኑም «እህሉ ሳያፈራ ደርቋል» የሚል ማስታወሻ። አለቃዬ ማስታወሻውን በላጲስ አጠፋው፤ ቁጥሩንም ካለፈው ዓመት ትንሽ አስበልጦ በእስክሪብቶ ጻፈው። «እንዳለ ብልከው የምጠየቀው እኔ ነኝ እንጂ ዝናቡ አይደለም» አለኝ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ የልጆች አባት ነበር፣ ፈራ። እኔም በንጹሕ ወረቀት ገለበጥኩት። ያ ቁጥር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

ቻይና ውስጥ ከ1958 በኋላ የሆነውም ይኸው ነው፣ በአገር ልክ። የበታች ሹማምንት ምርቱን እያጋነኑ ላኩ፤ መንግሥት በተጋነነው ቁጥር ልክ እህል ሰበሰበ፤ በረሃቡ መካከል እንኳ ወደ ውጭ ላከ። በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሰው አለቀ። ሕንድም ድሃ ነበረች። በ1943 በቅኝ ገዢዎች ዘመን ቤንጋል ውስጥ ሚሊዮኖች በረሃብ ሞተውባታል። ከነጻነት በኋላ ግን ያን ያህል እልቂት አላየችም። የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን እንዳስረዱት፣ ጋዜጣው ይጮኻል፣ ተቃዋሚው በፓርላማ ይወቅሳል፣ ምርጫ የሚጠብቀውም ሹም እህሉን ያደርሳል። የልጆች የምግብ እጥረት ግን ዛሬም ሕንድን አልለቀቃትም፤ ይህን መደበቅ አይገባም።

ሦስተኛ መልስ፦
ስለ ኮሪያ አንድ ነገር ልጨምር። መሬት ለአራሹ የተከፋፈለው ፓርክ በ1961 በመፈንቅለ መንግሥት ከመምጣታቸው በፊት ነው። የፋብሪካውና የወጪ ንግዱ ሥራ የእርሳቸው ዘመን ነው፤ አልክድም። ዴሞክራሲው ግን «ይደርሳል» እንደተባለው በራሱ አልደረሰም፤ በ1980 በጓንግጁ ከተማ ደም ፈስሶበታል፣ በ1987ም ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ነው ያመጣው። ደግሞ ምርጫ ብቻውን አይበቃም። ዳኛው በስልክ የሚታዘዝ ከሆነ፣ ኦዲተሩም ያየውን መጻፍ ካልቻለ፣ በድምፅ የመጣውም ገዢ አምባገነን ይሆናል።

ጠያቂ፦
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ፣ የዚያ አካባቢ ሰዎች እንዴት ሆኑ?

ሁለተኛ መልስ፦
እርዳታ የተጠየቀው ከወራት በኋላ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ከዚያ አካባቢ ሪፖርት አልመጣም። በእርሳስ ይጽፍልን የነበረው ባለሙያም ከሰዎቹ ጋር ተሰዶ ነበር።