ሦስት ቀን ብቻዬን፣ ከከተማዬ ሳልወጣ፤ ሞክራችሁ የተሳካላችሁ አላችሁ?

ዝምታ ፈላጊ

ሰላም ናችሁ? በሚቀጥለው ወር ጥቂት ቀን ፈቃድ አለኝ። ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ እሁድም የራሴ ነው። ሩቅ መሄድ አልፈልግም። ሻንጣ መጎተቱ፣ ወረፋው፣ መንገድ ላይ ማለቁ፣ አቅሙም የለኝም። የምፈልገው ብቻዬን መሆን ነው። በቃ። ማንም «ምን ሆንሽ?» ሳይለኝ።

ባለፈው ዓመት እቤቴ ሆኜ ሞክሬው ነበር። ጉድ ነው የሆነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት መጽሐፍ ይዤ አልጋዬ ላይ ተጋደምኩ። ገና ሦስተኛው ገጽ ላይ እያለሁ የወጥ ቤቱ ቧንቧ ጠብ… ጠብ… ይላል። ድሮም ይንጠባጠባል፤ ሥራ ስውል አልሰማውም እንጂ። ተነሳሁ። መፍቻ ስፈልግ መሳቢያው ዝብርቅርቁ ወጥቷል። መሳቢያውን ላስተካክል ስል ቁም ሳጥኑ ታየኝ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ወለል ላይ ቁጭ ብዬ ካልሲ ከካልሲ አጣምድ ነበር። መጽሐፉ ሦስተኛው ገጽ ላይ እንደተደፋ ቀረ። በማግስቱ እህቴ «እረፍት ላይ ነሽ አይደል?» ብላ ልጆቿን አምጥታ ጣለችልኝ። ልጆቹን እወዳቸዋለሁ። ግን በቃ፣ ገብቷችኋል።

ዘንድሮ ሆቴል ልያዝ ይሆን እያልኩ ነው። ግን ቤቴ ግማሽ ሰዓት ርቀት ላይ እያለ ለአልጋ መክፈል ቅብጠት ይመስለኛል። ደግሞስ ብቻዋን የመጣች ሴት፣ መታወቂያዋ ላይ የዚሁ ከተማ አድራሻ፤ ሪሴፕሽን ላይ ምን ይሉኛል? ብቻዬን ምግብ ቤት መቀመጡስ? እስቲ የሞከራችሁ ንገሩኝ።

የሁለት ልጆች እናት

እህቴ፣ ቅብጠት አይደለም። አስታማሚ ስትታመም እኮ ነው ቤት የሚፈርሰው።

ብቻ መብላቱ የሚከብደው አስር ደቂቃ ነው። አስተናጋጁ «ሌላ ሰው ይመጣል?» ይልሻል። «አይ፣ እኔው ነኝ» ትይዋለሽ። አለቀ። ሰው ከሚበዛበት ሰዓት ትንሽ ቀደም ብለሽ ግቢ፤ ፊትሽን ወደ በሩ ሳይሆን ወደ መስኮቱ አድርጊ። ወደ በሩ ከዞርሽ ሰው የምትጠብቂ ትመስያለሽ፤ ለራስሽም እንደዚያ ይመስልሻል።

የሌሊት ፈረቃ

ዘጠኝ ዓመት ሆቴል ሪሴፕሽን ላይ ሠርቻለሁ፣ አብዛኛውን በሌሊት። ስለዚህ ከመታወቂያው ልጀምር። ማንም ምንም አይልሽም። እዚያው ከተማ እየኖረ የሚመጣ ሰው ሞልቷል። ቤቱን ቀለም የሚያስቀባ አለ፣ ፈተና የሚያጠና አለ፣ ጎረቤቱ ሲደግስ ሸሽቶ የመጣ አለ፣ ተጣልቶ የወጣ አለ። አንቺ ከሁሉም ቀላሏ ነሽ። አንዳንድ ሆቴሎች ግን የከተማውን ነዋሪ አንቀበልም የሚል ደንብ አላቸው፤ የሚፈሩት ክፍል ይዞ የሚጨፍረውን ነው። ከመክፈልሽ በፊት ደውለሽ አረጋግጪ።

ቀኑንም አስቢበት። ቢሮ በሚበዛበት ሰፈር ያሉ ሆቴሎች በሥራ ቀናት ይሞላሉ። ቅዳሜና እሁድ ሲመጣ ጭር ይላሉ፣ ዋጋቸውም ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። የመዝናኛዎቹ ተቃራኒ ናቸው። ስለዚህ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ቢሮ ሰፈር ብትይዢ ኮሪደሩ ያንቺ ነው።

ክፍል ስትጠይቂ ከአሳንሰሩ የራቀ በይ። ደግሞ ከጎን ካለው ክፍል ጋር የሚያገናኝ በር የሌለው። ይሄን ማንም አይጠይቅም። ግድግዳ የሚከለክለውን ድምፅ በር ያሳልፋል፤ የጎረቤትሽን የስልክ ወሬ አንድም ሳይቀር ትሰሚያለሽ።

አንድ ሌሊት ብቻ አትያዢ። ሁለት ይሁን። ሰው አዲስ ቦታ ሲያድር የመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፉ ይረበሻል። እ.ኤ.አ. በ2016 የብራውን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ በመጀመሪያው ሌሊት ከባድ እንቅልፍ ውስጥ እንኳን የአንጎል ግራ ክፍል ከቀኙ ይልቅ ነቃ ብሎ ድምፅ ሲያዳምጥ ተገኝቷል። ዘበኛ በሉት። እኔ ግን ጥናቱን ሳላውቅ በፊት እንግዶቹን አውቃለሁ። ጠዋት ዓይናቸው ቀልቶ ይወርዱና «ፍራሻችሁ አይረባም» ይላሉ። በማግስቱ ያው ሰውዬ እዚያው ፍራሽ ላይ ቁርስ እስኪያልፈው ተኝቶ ይውላል።

ራሴም ሞክሬዋለሁ። ሥራውን በለቀቅኩ ሰሞን የከተማው ሌላ ጫፍ ሄጄ ክፍል ያዝኩ። ስምንት ሰዓት ገባሁ። ቦርሳዬን አስቀመጥኩ። አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። ተነስቼ ፎጣዎቹን ቆጠርኩ፤ አራት ናቸው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ስልኬን ሰባት ጊዜ አንስቻለሁ። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ወደ ቤቴ ልመለስ ቦርሳዬን አንስቼ ነበር፣ እውነቴን ነው። መስኮቱ ጋ ስደርስ ከሥር አውቶቡስ ሲገባ አየሁ። ለዓመታት ሥራ ያመላለሰኝ ቁጥር። እኔ ሁልጊዜ ግማሽ መንገድ ላይ ስለምወርድ የት እንደሚያልቅ አላውቅም ነበር። ለካ መጨረሻው እዚያ ነው። ሾፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ። ወገቡን በሁለት እጁ ይዞ ወደ ኋላ ተንጠራራ። የፊት ጎማውን በጫማው መታ መታ አደረገና ተመልሶ ገባ። ቀጥሎ ሌላው መጣ። እሱም ወረደ፣ እሱም ተንጠራራ። ሲጨልም ነው ቦርሳው ትከሻዬ ላይ መሆኑ ትዝ ያለኝ።

ለመጀመሪያው ማታ አንድ ትንሽ ነገር አዘጋጂ ለማለት ነው። ለቀሪው ምንም።

እና ደግሞ፣ የት እንዳለሽ ለአንድ ሰው ብቻ ንገሪ። ቁልፍ ሲሰጡሽ የክፍል ቁጥርሽን ሰው እየሰማ ጮክ ብለው ከጠሩት ክፍል እንዲቀይሩልሽ ጠይቂ። አታፍሪ፣ ጥፋቱ የእነሱ ነው።

ኪሱ የሳሳ

ሆቴል ለማይችል ሰው ልናገር። ስቴይኬሽን (ሩቅ ሳይሄዱ፣ እቤት ወይም እዚያው ከተማ ማረፍ) የሚለው ቃል እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ አሜሪካ ውስጥ የገነነው ነዳጅ ሲወደድና ኢኮኖሚው ሲናጋ ነው፤ ጉዞ የከበደው ሰው እቤቱ ሲቀር። ሆቴሉ በኋላ የተጨመረ ቅንጦት ነው (የሌሊት ፈረቃ፣ ይቅርታ)።

የእኔ ዘዴ፣ ጠዋት ሥራ እንደሚሄድ ሰው ሰዓቴን ጠብቄ እወጣለሁ፤ እስኪመሽ አልመለስም። የቤት ጣጣ የሚይዘው ቤት የተገኘውን ነው። ብዙ ሙዚየም በነፃ የሚገባበት ቀን ወይም ሰዓት አለው። አንድ ክፍል ብቻ አይቼ እወጣለሁ፤ ሁሉንም ለማየት ስሮጥ እግሬ እረፍት ያጣል። ስልኬን አልዘጋውም፣ የቢሮውን ኖቲፊኬሽን ብቻ ነው የማጠፋው።

ዝምታ ፈላጊ

ተባረኩ ሁላችሁም። ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት ያዝኩ፣ ቢሮ ሰፈር። ደውዬ «የሚያገናኝ በር የሌለው» ስል ልጁ ሳቀና «ሆቴል ሠርተሽ ታውቂያለሽ እንዴ?» አለኝ። ለመጀመሪያው ማታ ያንኑ መጽሐፍ እይዛለሁ፤ ከሦስተኛው ገጽ። የሚያውቀው አንዱ ሰው ማን ይሁን ብዬ ብዙ አሰብኩ። እህቴ ናት። ልጆቹን ይዛ እንዳትመጣ አስምያታለሁ።

ሐሙስ ቧንቧውን አሠራለሁ።

የሌሊት ፈረቃ

ተይው ባክሽ። ዓርብ ማታ እዚያ ሆነሽ አትሰሚውም።