የሚረጭ ቡሽ ለቆርቆሮ ቤትና ለሚኒባስ ያዋጣል?

የአዘዞው፦
ሰላም ለሁላችሁ። ቤቴ አዘዞ ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ማዳበሪያ። ቀን እንደ ምጣድ ይግላል፣ ሌሊት ጋቢ ደርበንም አልቻልነውም። ጠዋት ደግሞ ዝናብ ሳይኖር ቆርቆሮው ያንጠባጥባል፣ ዛሬ ማዳበሪያውን አልፎ የልጄን ደብተር አበሰበሰው። ውጭ ያለ ዘመዴ ቪዲዮ ላከልኝ፣ የቡሽ ፍርፋሪ ከሙጫ ጋር ቀላቅለው በኮምፕሬሰር ቤትና መኪና ላይ ይረጫሉ። ደባርቅ የምመላለስባት ሚኒባስም አለችኝ፣ ላሜራዋ ጆሮ ይበላል። ሁለቱንም ላስረጭ ወይስ ብሬን ልበላ ነው?

ጭቃና ሲሚንቶ፦
ቡሽ ስትል የጠርሙሱ መስሎኝ ሳቅሁ፣ ለካ እሱው ነው። የዛፍ ልጣጭ ነው፣ ዛፉ ሳይቆረጥ በየ9 ዓመቱ ይላጣል። የዓለምን ግማሽ ያህል የምታመርተው ፖርቱጋል ናት። ውስጡ በጥቃቅን የአየር ጉድጓዶች የተሞላ ስለሆነ ሙቀት ቶሎ አያሳልፍም። ችግሩ ውፍረቱ ነው ወንድሜ። የሚረጨው ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። 5 ሚሊ ቡሽ ከ5 ሴንቲ ፎም ጋር ምን ያወዳድረዋል? አሥር እጥፍ ይሳሳል፣ ሙጫው ደግሞ ከጥቅሙ ይቀንሳል። ነጠላ ለብሰህ ጋቢ የለበስክ አይምሰልህ።
ጠብታው ግን ለብቻው ነው። ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ቆርቆሮው ከአየሩም ብሶ ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሻችሁና የድስቱ እንፋሎት ሲነካው ውሃ ይሆናል። ስስ ቡሽ ይህን ይቀንሰዋል፣ ብርዱን ግን አያስቀርም።

ላሜራ ቀጥቃጭ፦
የመኪናዋን ለእኔ ተዉት። አንድ እጅህን በሩ ላይ ጫን አድርግና በሌላው አንኳኳ። ጩኸቱ ወዲያው ይደፈናል አይደል? ቡሹም የሚሠራው እንደዚያ ነው፣ ላሜራው እንዳይንቀጠቀጥ ይይዘዋል። ስለዚህ ለድምፅ ጥሩ ነው። ግን ዝገት ላይ እንዳታስረጭ! አንዱ ደንበኛዬ ቸኩሎ አስረጭቶ ክረምቱ ሳያልቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነሳበት፣ ከሥሩ ላሜራው ወንፊት ሆኖ ነበር። መጀመሪያ በብረት ብሩሽ አስፍቀህ አንቲረስት አስቀባ። በሩ ሥር ያሉትን የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ሲረጭ ብቻ በቴፕ ሸፍን፣ ቡሹ ከደፈናቸው በሩ ከውስጥ ይበሰብሳል። የሚበየድ ካለህም አስቀድመህ አስበይድ፣ ቡሹ ላይ ብየዳ መሥራት ጣጣ ነው።

የማራኪዋ፦
ለቤቱ እንኳ ምን አደከመህ! እኛ ማዳበሪያውን አንስተን ችፑድ አስመታን፣ ከቆርቆሮው ሥር ክፍተት ትተን በሁለቱም ጫፍ አየር ማስወጫ አስከፈትን። ቀን የጋለው አየር በዚያ ይወጣል። እና እባክህ ማታ ወጥ ስትሠሩ መስኮት ክፈቱ፣ እኛ ቤት ጠብታው ግማሹ የመጣው ከድስት ነበር።

የአዘዞው፦
ኧረ ተባረኩ። በቃ ሚኒባሷን ብቻ፣ እሱንም ዝገቷን ካስፈቅሁ በኋላ። የማራኪዋ እህቴ፣ አናጢሽን ታገናኚኛለሽ? የእኔ ባለቤት ግን መስኮት ክፈቺ ስላት ብርድ ልታስገባብኝ ነው ብላ ተቆጥታለች።