ሊቪንግስተን ላይ ካርዴን ማሽን ዋጠብኝ፤ ምን ይሻለኛል?

ወገኖች፣ እስቲ መላ በሉኝ። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አሁን ግን ጓቴማላ፣ ሊቪንግስተን በምትባል የካሪቢያን ዳርቻ ከተማ ነኝ። ትንሽ ናት። ከሌላው አገር ጋር የሚያገናኛት የመኪና መንገድ የለም፤ መግቢያም መውጫም ጀልባ ብቻ ነው።

ትናንት ቅዳሜ ማታ የገንዘብ ማሽኑ ካርዴን ዋጠው። በስፓኒሽ የሆነ ነገር ጻፈና ጭልም አለ። ብደበድበው፣ ብለምነው ወይ ፍንክች! ዛሬ ባንኩ ዝግ ነው። ኪሴ ውስጥ የቀረኝ 140 ኬትሳል ነው። ቀድሞ ከ200 ይበልጥ ነበር፤ ታፓዶ በላሁበት። በኮኮናት ወተት የሚሠራ የዓሣና የሸርጣን ሾርባ ነው፣ ሙዝም ይገባበታል። አልቆጨኝም።

ሰዉ ደግ ነው። ጋሪፉና የሚባሉ ሰዎች ብዙ አሉ፤ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1797 ከሴንት ቪንሰንት ደሴት ያባረሯቸው ሰዎች የልጅ ልጆች። መልኬን አይተው በቋንቋቸው ያወሩኛል። እኔ ፈገግ ብቻ። ስፓኒሼም ከ"ኦላ" አያልፍም።

በረራዬ ሐሙስ ከጓቴማላ ሲቲ ነው። እስከ ፖርቶ ባሪዮስ በጀልባ፣ ከዚያ ረጅም የአውቶቡስ መንገድ አለ።

እህቴ ከአሜሪካ ብር ብትልክልኝ፣ በፓስፖርት ብቻ እዚሁ መቀበል እችላለሁ? ወይስ ፖርቶ ባሪዮስ መሻገር አለብኝ? ደግሞ ፓስፖርቴ ላይ የአያቴም ስም አለ። እሷ የእኔንና የአባቴን ብቻ ብትጽፍ ይመልሱኛል? የደረሰበት ሰው ካለ፣ ባካችሁ ቶሎ ይንገረኝ፤ ነገ ጠዋት ጀልባ ከመሳፈሬ በፊት ማወቅ አለብኝ።