በአንድ ማኅበር አረጋዊውን፣ ወጣቱንና ቤተሰቡን አብሮ መደገፍ ይቻላልን?

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ በከተማችን በአንድ ሰፈር የምንኖር የሦስት እድር አባላት ተሰባስበን፣ ጧሪ ያጡ አረጋውያንን፣ ትምህርታቸውን ለማቋረጥ የተቃረቡ ወጣቶችንና የዕለት ጉርስ የቸገራቸውን ቤተሰቦች የሚደግፍ አንድ የበጎ አድራጎት ማኅበር ለማቋቋም አስበናል። እስካሁን የምናደርገው በእንቁጣጣሽ፣ በገናና በፋሲካ ዋዜማ ገንዘብ አዋጥተን ዱቄት፣ ዘይትና ዶሮ ማድረስ ብቻ ነበር፤ ከበዓሉ ማግስት ጀምሮ እነዚያው ሰዎች እንዴት እንደሚከርሙ ግን የሚጠይቅ የለም። አሁን በውጭ አገር የሚኖሩ የሰፈራችን ተወላጆች በየወሩ ገንዘብ ለመላክ ቃል ስለገቡልን፣ ነገሩን በወጉ መያዝ ግድ ሆኖብናል።

አባላቱ ግን በአንድ ሐሳብ መስማማት አልቻሉም። ከፊሎቹ ግቢ ተከራይተን አረጋውያኑን በአንድነት እንጡር ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ሽማግሌውን መርዳት ጽድቅ ቢሆንም የነገ ተስፋ ያለው በወጣቱ ላይ ስለሆነ ገንዘቡ ሁሉ ለትምህርትና ለሙያ ሥልጠና ይዋል ባዮች ናቸው። የተቀሩት ማኅበሩ ሦስት ክፍል ኖሮት ለየክፍሉ ኮሚቴ ይቋቋም የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በተጨማሪም በሕግ መመዝገብ ይገባናል ወይስ በእድሮቻችን ሥር ብንቀጥል ይበቃናል በሚለው፣ እንዲሁም ተረጂውን ማን ይምረጥ በሚለው ላይ ተከራክረን አልጨረስንም። በዚህ ሥራ ያለፋችሁ፣ ምክራችሁን እንድትለግሱን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ምላሽ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ ጡረታ የወጣ የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ

ጠያቂው ወንድሜ፤ ሦስት ዓይነት ተረጂ ብላችሁ የከፈላችኋቸው ሰዎች በአብዛኛው በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያድሩ ናቸው። ሴት ልጇ ወደ ዐረብ አገር የሄደችባት፣ ወንድ ልጇ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ወርዶ የቀረባት አንዲት እናት በስተርጅናዋ የልጅ ልጆቿን ታሳድጋለች፤ ከልጆቹ ትልቁ ደግሞ የአያቱን መድኃኒት ለመግዛት ሲል ከትምህርት ቤት ቀርቶ በግንባታ ቦታ ድንጋይና ሲሚንቶ ተሸክሞ ይውላል። እኒህን እናት እንደ አረጋዊ፣ ልጁን እንደ ወጣት፣ ቤቱን እንደ ቤተሰብ ቆጥራችሁ ሦስት መዝገብ ብትከፍቱ፣ ለአንዱ ቤት ሦስት ኮሚቴ እየተመላለሰ ለጎረቤቱ አንድም ሳይደርስ ይቀራል። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት የሚመልሰው የአያቱ መድኃኒት መገኘት ነው እንጂ ደብተርና እስክሪብቶ ብቻ አይደለም። ስለዚህ መዝገባችሁ በሰው ሳይሆን በቤት ይሁን፤ በአንድ ቤት ስንት ሰው እንደሚያድር፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደታመመ፣ ማን ከትምህርት እንደቀረ በአንድ ገጽ ይስፈር።

ማዕከል የመክፈቱን ሐሳብ ግን አልደግፈውም። መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል በአዲስ አበባ የሚያነሣቸው ሰዎች የሚመለሱበት ቤትና ዘመድ ስለሌላቸው ነው መጠለያው ያስፈለጋቸው። የእናንተ ሰፈር አረጋውያን ግን፣ እንደ ገለጻዎ ከሆነ፣ ጎጆም ደብርም ጎረቤትም አላቸው። ከዚያ አውጥቶ በኪራይ ግቢ ማኖር ለእነርሱም ስደት ነው፤ ለእናንተም የጥበቃ፣ የምግብ አብሳይ፣ የውኃና የመብራት ወጪ በየወሩ ይከመርባችኋል። በሳምንት ሁለት ቀን ልብስ የምታጥብ፣ ውኃ የምትቀዳና እንጀራ የምትጋግር የሰፈር ሴት በክፍያ ቢቀጠርላቸው፣ እርሷም ገቢ ታገኛለች፤ እነርሱም ቤታቸውን ሳይለቁ ይጦራሉ።

ሌላው መታየት ያለበት ነገር መንግሥት የዘረጋው ድጋፍ የት ላይ እንደሚቆም ነው። የጡረታ ሥርዓታችን በአዋጅ 1267/2014 የመንግሥት ሠራተኛውን፣ በአዋጅ 1268/2014 ደግሞ የግል ድርጅት ሠራተኛውን ያቅፋል፤ ዕድሜ ልኩን ያረሰ ገበሬና ጠላ ጠምቃ ልጆች ያሳደገች እናት ግን በተግባር በሁለቱም ውስጥ የሉም። በ1997 የተጀመረው፣ ምግብ ለሚያጥራቸው ቤተሰቦች እህል ወይም ገንዘብ የሚሰጠው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራምም ቢሆን ጎጃም እህል የሚተርፈው አገር ነው ተብሎ ስለሚታሰብ አብዛኞቹን ወረዳዎቻችንን አልነካም። እህል በሞላበት አገር የሚራብ ሰው ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የተሸሸገ ነው፤ ይሉኝታው ስለሚይዘው ችግሩን ከድኖ ያድራል እንጂ ደጅ አይጠናም።

በአንጻሩ በእጃችሁ ያለ፣ ነገር ግን ብዙ ማኅበራት የማያስታውሱት መንገድ፣ ቤተሰቦች በየዓመቱ መዋጮ ከፍለው ሲታመሙ የሚታከሙበት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ነው። በ2003 በሙከራ ሲጀመር በክልላችን ከተመረጡት ወረዳዎች አንዱ የእኛው ደቡብ አቸፈር ነበር። መክፈል ለማይችሉ ድኾች መዋጮውን መንግሥት የሚሸፍንበት አሠራርም አለው፤ የድኾቹ ዝርዝር የሚዘጋጀው ግን ከቀበሌ ጀምሮ ስለሆነ፣ ሰው ያልጠቆመለት አቅመ ደካማ ከዝርዝሩ ውጭ ሆኖ ይቀራል። የማኅበራችሁ የመጀመሪያ ሥራ ምዝገባው ከመዘጋቱ በፊት እነዚህን ቤቶች ማስመዝገብ፣ ለተዘለሉት ደግሞ የዓመቱን መዋጮ መክፈል ቢሆን፣ ከማንኛውም የበዓል ስጦታ ይልቅ ትርፉ ይበልጣል።

እህልም የምትሰጡ ከሆነ ጊዜውን ምረጡ። ጤፍና በቆሎ ተወቅቶ ገበያ በሚሞላበት በጥርና በየካቲት ገዝታችሁ አስቀምጡ፤ ዋጋው ወጥቶ የድኻ ጎተራ በሚራቆትበት በሐምሌና በነሐሴ አከፋፍሉ። በቆሎውን ነቀዝ እንዳይጨርሰው ሳይደርቅ አትክተቱት፤ የግብርና ባለሙያ አማክሩ።

ምላሽ፦ ከቡሬ፣ የእድር ጸሐፊ

ከእኔ በፊት የጻፉት አባታችን ስለ ቤት መዝገብ ያሉት ልክ ነው፤ እኔ ስለ ሕጉና ስለ ገንዘቡ ልጨምር።

የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 እድርንና እቁብን ከተፈጻሚነቱ ወሰን ውጭ አድርጓል፤ ስለዚህ አባላቶቻችሁን ለመቅበርና ለማስተዛዘን በዚህ አዋጅ መመዝገብ አያስፈልጋችሁም። ነገር ግን አባል ላልሆነ ሰው ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ቋሚ ድጋፍ መስጠት ከጀመራችሁ፣ ያ ከእድር ሥራ ያለፈ ነውና የራሱ ሕጋዊ ሰውነት ይኑረው። ሥራችሁ ከክልላችን የማይወጣ ከሆነ በክልሉ ሕግ ሥልጣን በተሰጠው መሥሪያ ቤት፣ ከአንድ ክልል በላይ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ በፌዴራሉ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ትመዘገባላችሁ። በፌዴራሉ አዋጅ መሠረት በማኅበር መልክ ለመቋቋም ቢያንስ አምስት አባላት ያስፈልጋሉ፤ የበላይ አካሉም ጠቅላላ ጉባኤው ነው።

ከውጭ የሚመጣውን ገንዘብ በሚመለከት አንዳንድ ሰው ዛሬም የቀድሞውን አዋጅ 621/2001 እያሰበ ይፈራል። በዚያ አዋጅ ዘመን በሕፃናትና በአካል ጉዳተኞች መብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከውጭ ምንጭ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ማግኘት አይችልም ነበር፤ ይህ ገደብ በ1113/2011 ተነስቷል። የቀረው ገደብ የአስተዳደር ወጪ ከ20 በመቶ እንዳይበልጥ የሚለው ነው፤ እርሱም ቢሆን የቢሮ ኪራይና ቢሮ ተቀምጦ የሚውል ሠራተኛ ላላበዛ ማኅበር አያስጨንቅም።

ተረጂውን ማን ይምረጥ ላሉት፣ እውነቱን ለመናገር ከእድር የተሻለ የሚያውቅ የለም። መዋጮው ከሁለት ወር በላይ ያለፈበትን አባል ስም እኔ በመዝገቤ ላይ አየዋለሁ፤ ሥራ መፍታቱንም ሆነ መታመሙን ጎረቤቱ ሳይሰማ ከመዝገቡ እረዳለሁ። ሆኖም እድሩ ይጠቁም እንጂ አይወስን። ጠቋሚውና ወሳኙ አንድ ሰው ከሆነ ድጋፉ በዝምድናና በአበልጅነት መስመር ይሄዳል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ መዋጮ መክፈል አቅቷቸው ከማንኛውም እድር ውጭ የሆኑት፣ ቤት ተከራይተው የሚኖሩትና ከግጭቱ ሸሽተው በቅርቡ ወደ ከተማ የገቡት ቤተሰቦች ፈጽሞ ይረሳሉ። ስለዚህ የጠቋሚው ዝርዝር የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ፣ መምህርና የሌላ ሰፈር ሰው ባሉበት ኮሚቴ ቤት ለቤት ይጣራ። በየቀበሌው ነዋሪዎች ተሰባስበው ችግረኞችን የሚረዱበት የማኅበረሰብ ክብካቤ ጥምረት የሚባል አደረጃጀትም አለ፤ በአንዳንድ ቦታ ከስሙ በቀር ብዙም ባይንቀሳቀስ፣ በሚሠራበት ቦታ ግን ሳታማክሩት ብትገቡ አንድን ቤት ሁለታችሁም ትረዳላችሁ፤ ሌላውን ሁለታችሁም ትዘላላችሁ።

ገንዘቡ በሦስት ሰው ፊርማ የሚወጣ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ በግለሰብ ስም በተከፈተ ሒሳብ አንድም ብር አትቀበሉ። ሰውየው ታማኝ ቢሆን እንኳ ድንገት ቢሞት ገንዘቡ የወራሾቹ ክርክር ይሆናል።

ምላሽ፦ ከውጭ አገር፣ የደጀን ተወላጅ

ገንዘብ የምንልክ ሰዎችን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልናገር። በየወሩ ፎቶግራፍ እንድትልኩ የሚጠይቋችሁ ይኖራሉ፤ እባካችሁ እሺ አትበሉ። እናቶቻችን ዘይት ታቅፈው ካሜራ ፊት የሚቆሙበት ልገሳ ሰጪውን እንጂ ተቀባዩን አይጠቅምም፤ ወጣቱማ የክፍል ጓደኞቹ ያዩታል ብሎ ድጋፉን ትቶ ይሄዳል። ይልቁንም በሦስት ወር አንድ ጊዜ ስም የሌለበት የገቢና የወጪ ዝርዝር ከደረሰኞቹ ጋር ላኩልን። ደግሞም ከባሕር ማዶ የሚመጣ ቃል ኪዳን ሥራ ሲጠፋ እንደሚቋረጥ ከአሁኑ አስቡ፤ የቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት የመሰለውን የማይቋረጥ ወጪ በአገር ቤቱ መዋጮ ላይ መሥርቱት፤ የእኛን ለሥራ መነሻና ለድንገተኛ ሕክምና አውሉት።

ምላሽ፦ ከቢቸና፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር

ስለ ወጣቶቹ የተባለው በሰፈሩ ልጆች ላይ ብቻ ያተኮረ ስለመሰለኝ ነው የምጽፈው። በጎጃም ከተሞች ለችግር ከተጋለጡት ወጣቶች ብዙዎቹ የከተማው ልጆች አይደሉም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት ፍለጋ ከገጠር መጥተው አንዲት ጠባብ ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ፣ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ሄደው የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው እሑድ ማታ የሚመለሱ ተማሪዎች ናቸው። መንገድ ሲዘጋ ስንቁ ይቋረጣል፤ ስንቅ ያለቀበት ልጅም በረቡዕና በሐሙስ ክፍል ውስጥ አይገኝም። ሴቶቹ ልጆች ላይ ደግሞ ከረኃቡ ሌላ የአከራይና የመንደር ወንዶች ፈተና ይጨመርባቸዋል። እነዚህ ልጆች ወላጅ ስላላቸው በማንኛውም የድጋፍ መዝገብ ላይ ስማቸው አይሰፍርም። ባለፉት ዓመታት በክልላችን በተፈጠረው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ስለከረሙ፣ ከትምህርት ርቀው የቆዩና ከእኩዮቻቸው ዕድሜ አልፈው የተመለሱም አሉ፤ ከሁሉ አስቀድመው የሚያቋርጡት እነርሱ ናቸው።

እዚህ ላይ የእናንተን ሁለት ችግር አንድ ላይ የሚፈታ መንገድ ይታየኛል። ብቻቸውን የሚኖሩና ትርፍ ክፍል ያላቸው አረጋውያን እናቶች በሰፈራችሁ ካሉ፣ ማኅበሩ ጣሪያውንና በሩን አድሶ ሁለት ሴት ተማሪዎችን ቢያስገባላቸው፣ ልጆቹ ከአደጋ ይጠበቃሉ፤ እናትየዋም ማታ ውኃ የሚያቀብላት ሰው ታገኛለች። ነገር ግን ልጆቹ አገልጋይ ሆነው እንዳይቀሩ ውሉ በወላጆቻቸው፣ በአረጋዊቷና በማኅበሩ መካከል ይፈረም፤ በየወሩም አንዲት ሴት አባል ልጆቹን ለብቻቸው ታነጋግር። ልጆቹን ሳያነጋግሩ አረጋዊቷን ብቻ ጠይቆ መመለስ ጥየቃ አይባልም።

ለቆሎ ተማሪውም ቦታ ይኑራችሁ። ጎጃም የቅኔና የመጻሕፍት ጉባኤ አገር እንደመሆኗ፣ በየደብሩ ከሩቅ የመጡ ልጆች አሉ፤ እከክና የዓይን ሕመም ሲይዛቸው በወቅቱ ጤና ጣቢያ የሚወስዳቸው እምብዛም ነው። ሳሙናና ነጠላ ጫማ ለእነርሱ ትልቅ ድጋፍ ነው።

ምላሽ፦ ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ምላሾቻችሁን በስብሰባችን ላይ አንብቤላቸው የማዕከሉን ሐሳብ ለጊዜው ትተነዋል፤ መዝገቡም በየቤቱ እንዲሆን ተስማምተናል። መምህሩ ያነሡትን ተማሪዎችን ከአረጋውያን ጋር የማኖር ሐሳብ ሴቶች አባሎቻችን ደግፈውታል፤ አንዳንድ ወንዶች ግን እድሩ በሰው ቤት ነገር ገባ ያሰኛል ብለው ስላመነቱ ገና አልቆረጥንም።

አንድ ነገር ግን ይቀረኛል። ከከተማው ዳር ካሉት አረጋውያን አንዳንዶቹ የእርሻ መሬት ያላቸው ናቸው። መሬት ያለው ሰው ድኻ አይባልም በማለት ከዝርዝሩ ይውጡ የሚሉ አሉ። እነርሱስ እንዴት ይታያሉ?

ምላሽ፦ ከፍኖተ ሰላም፣ ጡረታ የወጣው ባለሙያ

መሬት ያለው ሁሉ የሚያርስ አይደለም። በሬም ጉልበትም የሌለው ሽማግሌ መሬቱን ለዘመድ በእኩል ይሰጣል፤ አራሹም መጀመሪያ እኩሌታውን፣ ኋላ ሲሶውን፣ በመጨረሻ ደግሞ ያሻውን ያህል ሰፍሮ ያመጣለታል። ሽማግሌው ጧሪዬን አስቀይማለሁ ብሎ ስለሚፈራ አይናገርም። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው እህል ብትሰጡት የአራሹን ዕዳ ከፈላችሁለት ማለት ነው።

እርሱን ከዝርዝሩ አታውጡት፤ የምታደርጉለት ድጋፍ ግን ሌላ ይሁን። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በእጁ ወይም በሚያምነው ሰው እጅ መሆኑን አረጋግጡ፤ ውሉን በጽሑፍ አድርጋችሁ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት አስመዝግቡለት፤ በመውቂያው ዕለትም ከማኅበሩ ሁለት ሰው አውድማው ላይ ይገኝ። ጡሮኛል ብሎ መሬቱን በስጦታ ወይም በኑዛዜ ለማስተላለፍ ያሰበ አረጋዊ ካጋጠማችሁ፣ ከመፈረሙ በፊት በወረዳው ፍርድ ቤት አካባቢ ነጻ የሕግ ምክር የሚሰጥ ሰው ፈልጋችሁ አገናኙት። የዘንድሮውን ውል ከማረሻው በፊት፣ ቢዘገይ እስከ ሚያዝያ ጨርሱት፤ ዘር ከተዘራ በኋላ አራሹን ማናገር ጭቅጭቅ ብቻ ነው የሚያተርፈው።