ለስፖርት ሞተር ስፖኪዮ፦ የኦርጂናሉ ቅጂ፣ ክንፍ መሳዩ ወይስ የመሪ ጫፉ?

ቀጭን ጎማ፦

ሰላም ቤተሰብ። ሞተሩ 600 ሲሲ፣ ባለ አራት ሲሊንደር፣ ሙሉ ፌሪንግ (የፕላስቲክ ሽፋን) ያለው ስፖርት ነው። ስፖኪዮው ፌሪንጉ ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰረው ዓይነት ሲሆን የግራው አንገቱ ላይ ተሰብሯል። ሁለቱንም ልቀይር ብዬ ሦስት ነገር እያየሁ ነው፤ የኦርጂናሉ ቅጂ፣ ያ ቀጭኑና ክንፍ የሚመስለው፣ ከዚያ ደግሞ መሪው ጫፍ ላይ የሚገባው ክቡ።

ሻጮቹ ሁሉ «ለማንኛውም ሞተር ይሆናል» ይላሉ። እውነት ይሆናል? ከመግዛቴ በፊት ምን ምን ልለካ? ሌላው፣ ኦርጂናሉ ላይ ግማሹን የሚሞላው የራሴ ክርን ነበር። ከቀየርኩ አይቀር እሱንም ልገላገለው። ፍሬቻው ያለው ስፖኪዮው ውስጥ ነው፣ ባለ አምፖል።

ካሊፐር፦

ሻጩ «ይሆናል» ሲል ብሎኑ ይገባል ማለቱ ነው። ብሎን መግባትና ስፖኪዮ መግጠም ለየቅል ናቸው።

አሮጌውን ከመፍታትህ በፊት ከውስጥ በኩል ፎቶ አንሳው። ብዙ ስፖርት ሞተር ላይ ፌሪንጉን ከውስጥ ብረቱ ጋር የያዙትም እነዚያው ሁለት ብሎኖች ናቸው፤ ዳዶው ሲወጣ ፌሪንጉ ዘጭ ይላል። በአንድ እጅህ ደግፈህ የፍሬቻውን ሶኬት ገመዱ ሳይወጠር አውጣ።

የብሎኖቹ ርቀት የሚለካው ከመሃል እስከ መሃል ነው። መሃሉን በዓይን ከምትገምት የአንደኛውን ቀዳዳ ግራ ጠርዝና የሁለተኛውን ቀዳዳ ግራ ጠርዝ ያዝ፤ ያው ርቀት ይወጣልሃል። 2 ሚሊሜትር ቢበላለጥ ብሎኑ ተገፍቶ ይገባ ይሆናል፣ ግን ቀዳዳው ዙሪያ ፌሪንጉን ወጥሮ ይዞት ይኖራል፣ ውሎ አድሮ ይሰነጥቀዋል። ብሎኑ ብዙውን ጊዜ ኤም 6 ነው፣ ማለትም 6 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው።

ሰው የሚረሳው ዝንባሌውን ነው። የስፖርት ፌሪንግ እዚያ ቦታ ላይ ጠፍጣፋ አይደለም፤ ወደ ፊትም ወደ ጎንም ያጋድላል፣ ግራና ቀኙም ተቃራኒ ነው። «ለሁሉም ይሆናል» የሚባለው ስፖኪዮ ግን እግሩ ጠፍጣፋ ነው። ካርቶን በእግሩ ልክ ቆርጠህ ፌሪንጉ ላይ አስቀምጥና ጠርዙን ዞረህ እየው። 1 ሚሊሜትር ክፍተት ቢሆን ላስቲኩ ይውጠዋል። 3 ሚሊሜትር ከሆነ ብሎኑ ሲጠብቅ አንገቱ ይጣመማል፣ መስታወቱም የምትፈልገው አቅጣጫ ድረስ አይዞርልህም።

አስተሳሰሩ ከላይ ወደ ታች እንዲህ ነው፦ የስፖኪዮው እግር፣ ላስቲክ፣ ፌሪንጉ፣ የውስጡ ብረት፣ ሮንዴላ፣ ዳዶ። ፌሪንጉ ቀዳዳ ውስጥ ብሎኑ የሚያልፍባት አጭር የብረት ቱቦ፣ ቡሽ የምትባል አለች። ጥቅሟ ብሎኑ ሲጠብቅ ጫናውን እሷ ተሸክማ ፕላስቲኩ እንዳይጨፈለቅ ነው። ሲፈታ ተንከባልላ የምትጠፋውም እሷ ናት፣ ስለዚህ መጀመሪያ እሷን ኪስህ ክተት።

ዳዶው ባለ ናይለን ይሁን። የብሎን ሙጫ እዚህ አካባቢ አታስጠጋ፤ ፌሪንጉ ላይ ከነካ ፕላስቲኩን በልቶ ይሰነጥቀዋል። ብረት ለብረት ቢሆን ኤም 6 ብሎን 10 ኒውተን ሜትር ገደማ ይጠብቃል። እዚህ ላስቲክና ፕላስቲክ መሃል ስላለ ግን የሞተሩ መመሪያ የሚሰጠውን ቁጥር ያዝ፤ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያነሰ ነው።

ጠማማ መስታወት፦

ስለ እግሩ ካሊፐር ጨርሶታል። እኔ ወደ መስታወቱ ልግባ፣ ምክንያቱም ቅጂዎች የሚያጭበረብሩት እዚያ ላይ ነው።

የሞተር ስፖኪዮ ብዙውን ጊዜ ትንሽ የጎበጠ ነው። ጉብጠቱ በጨመረ ቁጥር ሰፋ ያለ መንገድ ያሳይሃል፣ መኪናውን ግን ያሳንሰዋል፣ ያነሰ መኪና ደግሞ ሩቅ ይመስላል። ዓይንህ ከመስታወቱ 60 ሴንቲሜትር ርቆ፣ ከኋላህ 20 ሜትር ላይ መኪና አለ እንበል። የጉብጠቱ ራዲየስ 1200 ሚሊሜትር ከሆነ መኪናው በጠፍጣፋ መስታወት ከሚታየው ግማሽ ያህሉን ያክላል። ራዲየሱ 600 ሚሊሜትር ከሆነ ወደ ሲሶ ይወርዳል። መስመር ልትቀይር ስትል ይሄ ልዩነት ቀላል አይደለም።

የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 81 ራዲየሱ ከ1000 እስከ 1500 ሚሊሜትር እንዲሆን ያዛል። መስታወቱ ቢያንስ 69 ካሬ ሴንቲሜትር መሆን አለበት፤ ክብ ከሆነ ዲያሜትሩ ከ94 ሚሊሜትር አያንስም፤ ክብ ካልሆነ ውስጡ የ78 ሚሊሜትር ክብ መግባት አለበት። ደንቡን ያለፈ ስፖኪዮ ላይ በክብ ውስጥ ኢ ፊደልና ቁጥር ይታተማል። ቁጥሩ ያጸደቀው አገር መለያ ነው፤ 1 ጀርመን፣ 3 ጣሊያን፣ 4 ኔዘርላንድስ። የጥራት ደረጃ መስሏቸው «4 ከ1 ይሻላል» የሚሉ አሉ፣ ስህተት ነው። የአሜሪካው የተሽከርካሪ ደህንነት ደንብ ኤፍኤምቪኤስኤስ 111 ጠፍጣፋውንም ይቀበላል፤ ለጎባጣው ከ508 እስከ 1524 ሚሊሜትር ራዲየስ ይፈቅዳል፣ የመስታወቱ መሃል ግን ከሞተሩ መሃል መስመር ቢያንስ 279 ሚሊሜትር ወደ ውጭ መውጣት አለበት ይላል።

አሁን ክንፍ መሳዩን በዚህ መዝነው። 150 በ35 ሚሊሜትር የሆነ መስታወት 52 ካሬ ሴንቲሜትር ተኩል ነው፤ የ78ቱ ክብማ ጭራሽ አይገባበትም። ቁመቱ ከማነሱ የተነሳ ሞተሩ ጉድጓድ ላይ ሲነጥር መኪናው ከመስታወቱ ይወጣል። ለፎቶ ያምራል፣ አልክድም።

ጉብጠቱን ራስህ መለካት ትችላለህ። የብረት ማስመሪያ መስታወቱ መሃል ላይ አጋድምና ሁለቱ ጫፍ እኩል እስኪነሳ አመጣጥነው። ከመሃል 50 ሚሊሜትር ላይ በማስመሪያውና በመስታወቱ መካከል ያለውን ክፍተት በስስ መለኪያ ቅጠል ለካ። 1 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ራዲየሱ 1200 አካባቢ ነው፣ ጥሩ። 2 ሚሊሜትር ከሆነ 600 ነው፣ ተወው።

ዝቅ ብሎ፦

ክርኑ ካስቸገረህ የመሪ ጫፉን ለምን አትሞክርም? መስታወቱ ከእጅህ ውጭ ስለሚወጣ ክንድህ አይጋርድህም። ችግሩ ሰዎች ሲገጥሙት ነው።

የመሪው የውጭ ዲያሜትር ብዙ ጊዜ 22 ሚሊሜትር ነው፣ የውስጡ ግን ከ13 እስከ 18 ድረስ ይለያያል። ስለዚህ የሚሰፋውን መሰኪያ በውስጡ ልክ ግዛ። ስፖርት ሞተር ላይ ግን ውስጡ ባዶ ቱቦ ላይሆን ይችላል፤ ብዙዎቹ በላስቲክ የተያዘ ክብደት አላቸው፣ የጫፉ ክብደትም በብሎን የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ያንን ጎትተህ አውጥተህ መሰኪያ ከከተትክ እጅህ ይደነዝዛል፣ መስታወቱም ይንዘፈዘፋል። ኦርጂናሉ ብሎን የሚገባበትን ጥርስ የሚጠቀም፣ ከባድ የብረት መቀመጫ ያለውን ምረጥ።

በጋዝ በኩል በእጀታውና በስፖኪዮው መቀመጫ መካከል ከ1 እስከ 2 ሚሊሜትር ክፍተት ተው። እጀታው መቀመጫውን ከነካ ጋዙ ስትለቀው አይመለስም። ከታሰረ በኋላ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራ፣ ከዚያ ቀኝ አዙርና ሁለቱም ላይ ጋዙን ከፍተህ ልቀቀው፤ ጠቅ ብሎ መዘጋት አለበት። በዚያው መስታወቱ ፌሪንጉን ወይም የነዳጅ ታንኩን አለመንካቱን፣ የፍሬንና የፍሪሲዮን መያዣዎቹም ስፖኪዮው ሳይነካቸው እስከ ጥግ መጨበጣቸውን እይ።

ጠማማ መስታወት፦

ዝቅ ብሎ ስለ አገጣጠሙ ያልከው ልክ ነው፣ ለዚህ ሞተር ግን አልስማማም። የስፖርት መሪ ዝቅ ያለ ነው። መስታወቱ እዚያ ከወረደ ኋላህን ለማየት ዓይንህ ከመንገዱ በጣም ይወርዳል፤ ፌሪንጉ ላይ ያለው ግን ከዓይንህ ብዙም አይርቅም። ስፋቱም አለ፤ በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር ገደማ ተጨምሮ በመኪና መሃል ስታልፍ የሌላውን ስፖኪዮ የምትገጨው በእሱ ነው። ሞተሩ ከወደቀም መጀመሪያ መሬት የሚነካው እሱ ነው፣ ያውም በጋዝ በኩል።

ለክርኑ ማራዘሚያ ብረት አለ፤ በፌሪንጉና በስፖኪዮው እግር መካከል ገብቶ ከ30 እስከ 50 ሚሊሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል። መጀመሪያ ግን ጃኬትህን ለብሰህ፣ ሞተሩን ሰው ቀጥ አድርጎ ይዞልህ፣ በምትነዳበት አቀማመጥ ሆነህ አስተካክለው። ቆመህ ያስተካከልከው ስፖኪዮ ስትጎነበስ ክርንህን ማሳየቱ አይገርምም።

ቀጭን ጎማ፦

በጣም አመሰግናለሁ። ክንፍ መሳዩን ትቼዋለሁ። የብሎኖቹ ርቀት 40 ሚሊሜትር ወጣ። አንድ ቅጂ በእጄ ገብቶ በማስመሪያ ስለካው ክፍተቱ 2 ሚሊሜትር ሞላ፣ የኢ ምልክትም የለውም። ኦርጂናሉ ቀኙ ግን 1 ሚሊሜትር ነው። የግራውን ብቻ በቅጂ ብተካስ? የቅጂው ፍሬቻ ኤልኢዲ ነው።

ካሊፐር፦

በፍጹም አታደባልቅ። አንዱ መኪና በግራ ሩቅ፣ በቀኝ ቅርብ ሆኖ ይታይሃል፤ ችኮላ ላይ የትኛውን እያየህ እንደሆነ አታስብም። መስታወቱ ካልተሰበረ ከአሮጌው ግራ አውጥተህ ቅጂው ውስጥ መክተት የምትችለው ቅርጹ አንድ ሲሆን ብቻ ነው። ካልሆነ የግራውን ብቻ ኦርጂናል መግዛት ሁለት መጥፎ ቅጂ ከመግዛት ሊረክስ ይችላል፣ አስላው።

የኢ ምልክት ያለው ቅጂ ብታገኝና ኤልኢዲ ቢሆን፣ ፍሬቻው በጣም እየፈጠነ ይበራልሃል። በአንድ ጎን የነበረው 21 ዋት ከፊት፣ 21 ዋት ከኋላ፣ ድምር 42 ነው። የፊቱ 2 ዋት ኤልኢዲ ሲሆን 23 ይቀራል፣ ፍሬቻውን ብልጭ ድርግም የሚያደርገው ፍላሸርም አምፖል የተቃጠለ መስሎት ይፈጥናል። ፍላሸሩ ለብቻው የሚነቀል ከሆነ ባለ 2 ወይም ባለ 3 እግር መሆኑን ቆጥረህ ጭነት በማይቆጥር ኤሌክትሮኒክ ፍላሸር ተካው፣ በዚያው ተገላገልክ። ፍላሸሩ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከሆነ በየጎኑ 6.8 ኦም፣ 50 ዋት ሬዚስተር ከኤልኢዲው ጎን ለጎን ታስራለህ። ሞተሩ ሲሠራ ባትሪው 13.8 ቮልት ገደማ ስለሚሆን ሬዚስተሩ በበራ ቁጥር ወደ 28 ዋት ሙቀት ያወጣል፤ ብረት ላይ እሰረው፣ ፌሪንጉንና ገመድን እንዳይነካ።

ዝቅ ብሎ፦

ማራዘሚያ ካስገባህ ብሎኑን አብረህ አስረዝም። ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው ቢያንስ ሁለት ጥርስ ብቅ ማለት አለበት። አንገቱ ሲረዝም ደግሞ ንዝረቱ ይጨምራል። ባለ አራት ሲሊንደሩ ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ነው የሚነዝረው፤ በደቂቃ 6000 ዙር ላይ በሰከንድ 200 ጊዜ ይሆናል። አንድ የተወሰነ ዙር ላይ ብቻ ደብዝዞ ከዚያ ከጠራ አንገቱ ከንዝረቱ ጋር ተገጣጥሟል ማለት ነው፤ ስፖኪዮው ራስ ውስጥ ከ20 እስከ 30 ግራም የቸርኬ ማመጣጠኛ እርሳስ ብትለጥፍ ድብዘዛው ከምትነዳበት ዙር ይሸሻል። ሁሌም ከደበዘዘ ግን ብሎን ወይም የአንገቱ ኳስ ላልቷል።

ፌሪንግ የሌለው ሞተር ይዞ ለሚያነብ፦ የእናንተ መሪው ላይ የሚታሰር ነው፣ የጃፓኖቹ ብዙዎቹ ኤም 10 በ1.25 ናቸው፤ 1.25 ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት በሚሊሜትር ነው። 1.5 ጥርስ ያለው በእጅ ሁለት ዙር ገብቶ ይቆማል፤ በቁልፍ አትግፉት። አሥር ጥርስ 12.5 ሚሊሜትር ከሞላ 1.25 ነው፣ 15 ከሞላ 1.5። ብዙ ያማሃ ላይ የቀኙ ጥርስ ግራ ዞር ነው፤ ለመፍታት ወደ ቀኝ ታዞራላችሁ።

ቀጭን ጎማ፦

የግራውን ኦርጂናል አዝዣለሁ፣ ለሁለቱም የ40 ሚሊሜትር ማራዘሚያ አስገባለሁ። አሁን ሳየው በግራ በኩል ያቺ ቡሽ የለችም፣ ቀዳዳው ዙሪያ ፌሪንጉ ነጭ ነጭ ብሏል፣ ከጫፉም 1 ሴንቲሜትር ስንጥቅ ወጥቷል።

ካሊፐር፦

ነጩ ፕላስቲኩ ተጨፍልቆ ነው። ስንጥቁ የሚያልቅበትን ጫፍ በብርሃን አግኝና በ2 ሚሊሜትር መሰርሰሪያ ብሳው፣ እንዳይቀጥል ይገታዋል። ከውስጥ በኩል ከፌሪንጉ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ፕላስቲክ ቁራጭ ለጥፍበት፤ ዓይነቱ ብዙ ጊዜ ፌሪንጉ ጀርባ ላይ ይጻፋል። ቡሿን ከቀኙ ለክተህ አስቀርጽ። ቀኙም ከሌለው የፌሪንጉንና የላስቲኩን ውፍረት ደምርና ግማሽ ሚሊሜትር ቀንስ፤ ላስቲኩ ትንሽ እንዲጨመቅ ነው። ማራዘሚያውን ቡሿ ሳትገባ አትሰር።